ተረኛው ስልኩን ዘጋው

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ያነሣው ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ ይኖራል። ስሟን አልጻፈም፤ እኔም አልገምትም። ነገሩ የሆነው በኅዳር፣ ውርጩ ጎመኑን በሚያጠወልግበት ሰሞን ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የጎረቤቱ ልጅ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ራሱን ሊያጠፋ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ እናቱን በመስኮት ተሰናበታት። እናት እሪ አለች፤ ሰፈሩ ጋቢውን እየደረበ ወጣ። ጠያቂው ለፖሊስ ጣቢያ ደወለ። ተረኛው ማወቅ የፈለገው የተፈጸመ ወንጀል መኖሩን ብቻ ነበር። አለመኖሩን ሲሰማ፣ ሲነጋ ማመልከቻ ይዘው እንዲመጡ ነግሮ ስልኩን ዘጋው። ልጁን ጎረቤት እስኪነጋ በወሬ ይዞ አቆየው፤ ዛሬ በሕይወት አለ። የጠያቂው ጥያቄ ታዲያ አጭር ነው፦ ያ ተረኛ የመምጣት ግዴታ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም?

እኔ ስደርስ ከሠላሳ በላይ መልስ ተጽፎበት ነበር። አንዳንዱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አንዳንዱን ዘለልኩት። እንደገባኝ ልተርከው።

1ኛው መላሽ ስለ ሕግ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እግዚአብሔርን አመስግኖ፣ የልጁን ጤና ጠይቆ፣ ለእናቲቱ ሰላምታ ልኮ ወጣ። 2ኛው ግን ጥርጣሬ የሚባል ነገር አያውቅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ለማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት ስለሰጠ፣ ፖሊስ ግዴታ አለበት፤ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ባይ ነው።

አላበቃም። 3ኛው መላሽ ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና የሚተዳደር ሰው ነው፤ 2ኛውን ወንድሜ እያለ በትሕትና አረመው። አንቀጽ 15ን ለጠበቀ ሰው የሚያነበው መንግሥት ራሱ ሕይወት እንዳያጠፋ የሚከለክል ሆኖ ነው፤ ፖሊስ ሌሊት ተነሥቶ እንዲመጣ የሚያዝ ሐረግ የለበትም። አካልን ከጉዳት ስለመጠበቅ የሚያወራው አንቀጽ 16 ትንሽ ይቀርባል። ከሁሉም የሚቀርበው ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ነው። ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው ከባድና ቅርብ አደጋ ላይ ያለን ሰው፣ በራሱም በሌላውም ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወ ማንኛውም ሰው እስከ ስድስት ወር ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል። በሙያው፣ በውል ወይም በሌላ ምክንያት የመርዳት ግዴታ ያለበት ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ጠበቃው ተረኛውን ከዚህ ከሁለተኛው ወገን መደበው።

ማንኛውም ሰው የሚለው ቃል እኔን ያዘኝ። እኔም በግድግዳ በኩል ለቅሶ ሰምቼ፣ የባልና ሚስት ነገር ነው ብዬ የተኛሁበት ሌሊት አለ። ልመለስበት አልፈልግም።

4ኛው ቁጡ ነው። ሕጉን ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ጀመረና ወረደበት። ለአንድ ወረዳ ያለችው አንዲት ፒክአፕ እንደሆነች፣ እሷም ነዳጅ ሲገኝ እንደምትነቃ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ለፖሊስ ሌሊት ከጣቢያ መውጣት ከራስ ጋር መማከር የሚጠይቅ ጉዳይ እንደሆነ ዘረዘረ። ሕጉ ራሱ በራሱ ላይ አደጋ ሳያመጣ ይላልና፣ ተረኛው በዚያች ሐረግ በኩል ሾልኮ ይወጣል ሲል አሾፈ። በጣቢያ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ያለው ይመስለኛል፤ ስለ ነዳጁ የጻፈው በጣም ዝርዝር ነው።

5ኛው እንደገና ጠበቃው ነው፤ እዚህ ላይ የጻፈው ነው የመልሶቹን ሁሉ ክር የለወጠው። ስለ መኪናው ተስማማ። ስለ ጸጥታውም ተስማማ። ስልክ ይዞ መቆየት ግን ነዳጅ አይፈጅም። ተረኛው ባይመጣም የቀበሌውን ሚሊሻ መቀስቀስ፣ ለጤና ጣቢያው መደወል፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 እንደሚጠራ መንገር፣ ቢያንስ የደዋዩን ስምና ስልክ መዝግቦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልሶ መደወል ይችል ነበር። የጠበቃው ክስ አለመምጣቱ ላይ አይደለም፤ መዝጋቱ ላይ ነው። 4ኛው ለዚህ መልስ አልጻፈም፣ በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ግን በሌላ ነገር ተመልሷል።

6ኛው መላሽ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ መንዝ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ሁሉም ጋሼ እያሉ ነው የመለሱለት። ሁለት ነገር አጫወተ። በመጀመሪያው፣ እሱ ገና ምልምል ሳለ፣ ራሱን ሊያጠፋ ነው የተባለ አንድ ገበሬ ቤት ጠመንጃ ይዘው እየሮጡ ደረሱ። ሰውዬው መለዮውን ሲያይ ባሰበት፤ ሊያስሩት የመጡ መሰለው። ያኔ አብሯቸው የነበረው ሽማግሌ ሳጅን ጠመንጃውንና ቆቡን ለምልምሎቹ ሰጥቶ አርባ እርምጃ አራቃቸው። ከዚያ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ መንገድ እንደደከመው ገልጾ ከቤቱ ባለቤት ውሃ ለመነ። ዝም ተባለ። ቆይቶ ደገመ። ሰውዬው በሩን ከፍቶ በቅል ጠላ ይዞ ወጣ። ያገራችን ሰው በዚያች ሰዓት እንኳ ደጁ ላይ የተቀመጠን እንግዳ አስጠምቶ አይሰድም ነው የጋሼ ትርጓሜ። ቅሉን ሲቀበለው እጁን ያዘው፣ እስኪነጋም ስለ ገብሱ አወሩ።

ሁለተኛው ታሪክ አያምርም፤ ጋሼም አላሳመረውም። ሌላ ጊዜ፣ ዓርብ ማታ፣ አንድ ወጣት ከሞት አፋፍ አምጥተው የት እንደሚያደርሱት ጠፋቸው። በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ አማኑኤል ነው፤ ለእሱ ደግሞ መኪናም ደብዳቤም ሰኞ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ለራሱ ደኅንነት በሚል ከሌቦች ጋር ማረፊያ ቤት አስገቡት። መዝገቡ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እስከ ዛሬ እንደሚያፍርበት ጻፈ። ምን ተብሎ እንደተጻፈ ግን አልነገረንም።

7ኛዋ የአእምሮ ጤና ነርስ ነች። ጋሼን በአክብሮት ይዛ፣ የማረፊያ ቤቱን ነገር ግን አልማረችም። ሰው መሞት ሲያስብ የሚያስፈልገው ብቻውን አለመሆን ነው፤ ማረፊያ ቤት በሰው መሃል ብቸኛ የሚያደርግ ቦታ ነው። ቀጥላ እኔ የማላውቀውን ነገር ጻፈች፦ ሰውን ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። ያገራችን ሰው ግን ዙሪያውን ይዞራል፤ ምነው ከፋህ፣ ማን ነካህ፣ ሰይጣን ነው፣ እያለ ዋናዋን ጥያቄ ሳይጠይቅ ያድራል። ለተረኛ ፖሊስ ማስተማር ያለብን ያቺን አንዲት ጥያቄና ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መስማትን ነው ባይ ነች።

8ኛው ራስን ለማጥፋት መሞከር ራሱ ወንጀል ስለሆነ ፖሊስ የሚመጣው ለመያዝ ነው ብሎ ድርቅ አለ። 9ኛው ጠበቃው፣ ያለ ትሕትና በዚህ ጊዜ፣ ሙከራው በእኛ ሕግ ወንጀል እንዳልሆነ፣ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን እንዲያደርገው የገፋፋ ወይም የረዳ እንደሆነ ነገረው። ወንጀል የለም ማለት ግን ሥራ የለም ማለት እንዳልሆነም ጨመረለት። ተረኛውና 8ኛው የተሳሳቱት እኩል ነው፤ አንዱ ወንጀል የለም ብሎ ቀረ፣ ሌላው ወንጀል አለ ብሎ ሊመጣ ነው።

10ኛው ተጉለት ተወልዶ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አቅራቢያ፣ የሆስፒታል ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። ሁላችንንም አስደነገጠን። እዚያ አገር ፖሊስ እያንዳንዱን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንደሌለበት ፍርድ ቤት ደጋግሞ ወስኗል። በእ.ኤ.አ. 1981 የዋሽንግተን ከተማ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በ1989ና በ2005 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት። የ2005ቱ ከኮሎራዶ የመጣ ነው፤ አንዲት እናት ባሏ እንዳይቀርባት የፍርድ ቤት ትእዛዝ በእጇ ይዛ፣ ሦስት ሴት ልጆቿን ወስዶባት፣ ፖሊስን ደጋግማ ለምና ሳይንቀሳቀስላት ልጆቹ ተገደሉ። ፍርድ ቤቱ በሰባት ለሁለት ድምፅ እናትዬዋ ከተማውን በሕገ መንግሥቱ መክሰስ እንደማትችል ወሰነ።

11ኛው፣ የሕግ ተማሪ መሰለኝ፣ ሁለት ነገር አረመ። የ1989ኙ ጉዳይ አባቱ የደበደበው ሕፃን ጉዳይ እንደሆነና የተከሰሱት ፖሊሶች ሳይሆኑ የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኞች እንደነበሩ። ደግሞም ውሳኔዎቹ ልዩ ሁኔታ አላቸው፤ ፖሊስ ሰውን በቁጥጥሩ ሥር ካዋለ በኋላ ግዴታው ይመጣል። የጋሼ ማረፊያ ቤት በአሜሪካኖቹ ሚዛን እንኳ ግዴታ አለበት ማለት ነው። ሜምፊስ በምትባል ከተማም በእ.ኤ.አ. 1987 ራሱን ይጎዳ የነበረ የአእምሮ ሕመምተኛ በፖሊስ ጥይት ከሞተ በኋላ፣ በማግስቱ ዓመት ፖሊሶችን አርባ ሰዓት እያሠለጠኑ ወደ እንዲህ ያለ ጥሪ መላክ ተጀመረ። ከእ.ኤ.አ. 2022 ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ 988 ብሎ የሚደውል ሰው የሚያገኘው ፖሊስን ሳይሆን የምክር ሠራተኛን ነው።

12ኛዋ ለንደን በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እንግሊዝ ውስጥ በእ.ኤ.አ. 1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ ክፍል 136 መሠረት ፖሊስ አእምሮው የታወከ የመሰለውን ሰው ከአደባባይ አንሥቶ ደኅና ወደሆነ ቦታ መውሰድና ለምርመራ እስከ 24 ሰዓት ማቆየት ይችላል። ከመኖሪያ ቤት ውስጥ ግን በዚህ ክፍል አይችልም፤ የኛ ልጅ ቤቱ ውስጥ ስለነበር እዚያም ቢሆን ነገሩ ይወሳሰብ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2023 ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የለንደን ፖሊስ ለሕይወት የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ ከሌለ በስተቀር ወደ አእምሮ ጤና ጥሪዎች መሄድ እንዳቆመ ጻፈች፤ ሥራው የጤና ባለሙያ ነው በሚል። ሐሳቡ መጥፎ እንዳልሆነ፣ ግን ፖሊስ ሲቀር የጤና ባለሙያው መምጣት እንዳለበት፣ ያ ደግሞ እሷ በምታውቀው ሁልጊዜ እንደማይሆን በማሳሰብ ጨረሰች።

13ኛው ላይ ጸብ ገባ። 4ኛው ነው የተመለሰው። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ የሚለውን ተረት መዝዞ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ለመንዝና ለቡልጋ ምን እንደሚፈይዱ ጠየቀ፤ የውጭዎቹን ከመንደር ርቀው ለመንደር የሚያስቡ ብሎም ዘለፋቸው። 14ኛው ዲያስፖራው ነው። የላከው ገንዘብ የስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንደቀየረ እስከ መቁጠር ደረሰ፤ ይህን አልዘግብም። አንድ ነገር ግን ለ4ኛው ልመስክርለት፦ እድሩ፣ ጽዋ ማኅበሩ፣ የንስሐ አባቱ ከፖሊስ ቀድመው እንደሚደርሱ ማንሣቱ ልክ ነበር። በዚያች ሌሊትም የደረሰው ጎረቤት ነው።

15ኛው ቄስ ናቸው። አባታችን ይፍቱን እየተባሉ ገቡ። ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቀው ፍትሐት ይከለከላል በሚል ፍርሃት እንደሆነ፣ ክልከላው ግን አውቆና አእምሮው ጸንቶ ለሚያደርገው እንጂ ሕመም ላናወጠው እንዳልሆነ አስረዱ። ሰዉ ሞት ከመጣ በኋላ ስለ ፍትሐት ከሚጠይቃቸው፣ ሳይመጣ በፊት ሌሊትም ቢሆን ቢቀሰቅሳቸው እንደሚመርጡ ጻፉ። በመጨረሻ ጸበልንም አነሡ፤ ክሩም ከዚያ መንገድ ሳተ። ከ16 እስከ 19 ያሉት መልሶች በሙሉ ሸንኮራ ዮሐንስ ይሻላል ወይስ ጻድቃኔ ማርያም፣ ለክረምት የትኛው መንገድ ይቀናል፣ የምንጃሩ አውቶቡስ ከየት ይነሣል የሚሉ ናቸው። አንዱ ስለ ማደሪያ ኪራይ ውድነት ረጅም ሮሮ ጻፈ። ለሚፈልገው ጠቃሚ ነው።

20ኛዋ ነርሷ ናት፤ ወደ ነገሩ መለሰችን። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል፣ አንዱን ለሌላው ብሎ ማቋረጥ እንደማይገባ፣ ማሰር ግን በየትኛውም ቦታ እንደማይፈውስ ጻፈች። ከሆስፒታል የወጣበት የመጀመሪያ ሳምንታት ከሁሉም የከበዱ ስለሆኑ፣ የሌሊቱ ጩኸት ሲበርድ ሰው እንዳይበተንም አደራ አለች። 21ኛው ያነሣው እዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀውን ግን ማንም ያልጻፈውን ነው፦ የቤት ጠመንጃ። እንዲህ ያለ ልጅ ያለበት ቤት መሣሪያውን በዚያው ቀን ወደ አጎት ወይም ወደ ጎረቤት ቤት ማሻገር ከማንኛውም ፖሊስ ይቀድማል ባይ ነው። ማንም አልተከራከረውም፤ ይህ በእንዲህ ያለ ክር ላይ ብርቅ ነው።

22ኛዋ እናት ናት። ጠያቂውን ልጄ ብላ ነው የጀመረችው። የእሷ ልጅ በታመመበት ቀን ፖሊስ ተጠርቶ መጥቷል፤ በፍጥነትም መጥቷል። ግን የገበያ ቀን ነበር። ልጇን በካቴና አስረው፣ በገበያው መሃል፣ ዘመድና ወዳጅ እያየው በእግሩ ወሰዱት። ሕክምናው ረድቶታል። ከቤት ሳይወጣ ዓመት የተቀመጠው ግን በሕመሙ ሳይሆን በዚያች መንገድ ነው። ሁለተኛ ቢያመው ለፖሊስ እንደማትደውል ነው የጻፈችው። ጥያቄው ይመጣሉ አይመጡም ሳይሆን እንዴት ገብተው እንዴት ይወጣሉ እንደሆነ ከእሷ በላይ ማንም አላሳየኝም። 23ኛው መልስ የጋሼ ነው፦ ማን እንዳደረገው ሳያውቅ፣ በመለዮው ስም ይቅርታ ጠየቃት። ሌላ ነገር አልጨመረም።

24ኛው ግን ይህን ሁሉ ያነበበ አይመስልም። ጠያቂውን ራሱን ከሰሰው። በሩን ሰብሮ እንደመግባት ስልክ ይዞ መቆሙን፣ ልጁን ትቶ ፖሊስ መሳደቡን፣ የዘመኑ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ እንደተጣደ እያነሣ ጣለው። ጠያቂው ከከፈተው በኋላ ዝም ብሎ ነበር፤ 25ኛውን የጻፈው እሱ ነው። በሩ የብረት ነበር። መስኮቱ ላይ ፍርግርግ አለ፤ የግራ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ልጁን በሹራቡ እጅጌ ይዞት ነበር። የደወለው በቀኝ እጁ ነው። ስልኩ ሲዘጋበት መልሶ መደወል ያልቻለው ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ስለነበር ነው። ብረቱ የፋቀው ክንዱ እስካሁን ጠባሳ አለው። 24ኛው ጽሑፉን አጠፋው፤ ከቦታው የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ዝቅ አለ። 26ኛው ፖሊስ ቢመጣስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በር መስበር ይችል ነበር ወይ ብሎ የግል ሕይወትን የሚጠብቀውን አንቀጽ 26 ጠቀሰ። ጠበቃው በ27ኛው፣ አንቀጹ ራሱ በአስገዳጅ ሁኔታ፣ በዝርዝር ሕግ፣ ጤናን ለመጠበቅም ጭምር ገደብ እንደሚፈቅድ አመለከተ። 28ኛው ስለ ካሣ ጠየቀ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ጥፋት ጉዳት ሲያደርስ መንግሥትን መጠየቅ እንደሚቻል ጠበቃው በ29ኛው መለሰ፤ በእጁ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አልገባም። የልጁን እናት ክስ እንድትመሠርት እንደማይመክራት፣ ለጣቢያው ኃላፊ ግን በጽሑፍ አቤት ማለት እንደሚገባ፣ ማመልከቻውንም በነጻ እንደሚጽፍ ቃል ገባ። ተረኛው የፈለገው ማመልከቻ በዚህ መንገድ ሊደርሰው ነው። 30ኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

31ኛው ጠያቂው ነው። ሕጉን ማወቁ እንደጠቀመው አመስግኖ፣ አሁን ያለበት ችግር ግን ሌላ መሆኑን ገለጸ። ልጁ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሣም፤ ባለፈው ቀጠሮ አርፍደው ካርድ ሳያወጡ ተመልሰዋል፣ ልጁም ሁለተኛ መሄድ አልፈለገም ነበር። አብሮት የሚሄደው እሱ ነው። በዚያ መንገድ ጎሕ ሳይቀድ የሚያልፍ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀ።

መልሱ የመጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ 32ኛው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን በሌሊት የሚወጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። እስከዚያች ቀን በክሩ ላይ አንድም ቃል አልጻፈም። የከተማቸውን ስም በውስጥ መልእክት እንዲልክለት፣ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር እንዲቆሙ፣ ጋቢናው ለሁለት ሰው እንደሚበቃ ጻፈ። የተሳፋሪው መስኮት ስለማይዘጋ ጋቢ እንዲይዙም አሳሰበ።